ከቀዶ ሕክምና በፊት የማህፀን በር ካንሰርን በኤም አር አይ መለካት

የማህፀን በር ካንሰር መኖሩ የሚረጋገጠው ከስፍራው ተወስዶ በቤተ ሙከራ በሚመረመር ናሙና ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሕክምናው በቀዶ ጥገና ይጀመር ወይስ በጨረር የሚለውን ለመወሰን፣ የዕጢው መጠንና የደረሰበት ስፍራ በልኬት መታወቅ ይኖርበታል። ይህን ልኬት በመስጠት ረገድ ኤም አር አይ ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2022 በመላው ዓለም 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉም ለሞት ተዳርገዋል። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ስለሆነም ጉዳዩ በመካ መንሱር ሰፈርም ሆነ በጂዳ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ሩቅ አይደለም።

ሴንቲ ሜትሮች ስለሚወስኑት ነገር

ዓለም አቀፉ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን (ፊጎ) በ2018 ባሻሻለው የደረጃ አመዳደብ የምስል ምርመራ ውጤት ደረጃን ለመወሰን እንዲያገለግል ተደርጓል። በማህፀን በር ብቻ የተወሰነና በዓይን ሊታይ የሚችል ዕጢ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ2 እስከ 4፣ እንዲሁም 4 እና ከዚያ በላይ ተብሎ ይከፈላል። አነስተኛ ዕጢ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። 4 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ወይም ወደ ማህፀን ዙሪያ ሕብረ ሕዋስ የዘለቀ ሲሆን ደግሞ ጨረርና ኬሞቴራፒ በአንድነት ይመረጣሉ። ልኬቱ ከተሳሳተ ሴትየዋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሳለ ጨረር እንደገና ሊያስፈልጋት ይችላል፤ የሁለቱ ሕክምናዎች መደራረብም በፊኛና በአንጀት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያበዛል።

በ2024 ውጤቱ ይፋ የሆነና 700 ሴቶች የተሳተፉበት ሼፕ የተሰኘ ዓለም አቀፍ ጥናት የልኬትን ዋጋ በግልጽ አሳይቷል። ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ወደ ውስጥ ያልጠለቀ ሴቶች ማህፀናቸው ብቻ ሲወጣ፣ ካንሰሩ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ዳሌ አካባቢ የተመለሰባቸው 2.52 በመቶ ነበሩ። በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ ጭምር በሚያስወግደው ሰፊ ቀዶ ሕክምና ደግሞ 2.17 በመቶ ሆኗል። ልዩነቱ አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ሴቶች ከከባዱ ቀዶ ሕክምና ሊድኑ ይችላሉ። ልጅ መውለድ የምትሻ ወጣት ታካሚም ማህፀኗ እንዲተርፍላት ዕጢው ከማህፀን በር የላይኛው አፍ ምን ያህል እንደሚርቅ በኤም አር አይ ይለካል።

አኃዙ እንዴት ይገኛል?

ተራው ምስል የዕጢውን ቅርጽና ስፋት ያሳያል። አኃዛዊው ኤም አር አይ ደግሞ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ በምን ያህል ነፃነት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። የካንሰር ሕዋሳት ተጠጋግተው ስለሚበዙ ውኃው እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም። በመሆኑም ኤ ዲ ሲ የሚባለው መለኪያ በዕጢው ውስጥ ዝቅ፣ በጤናማው የማህፀን በር ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል። ጋዶሊኒየም የተባለው ማቅለሚያ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ በተከታታይ በሚነሡ ምስሎችም ወደ ዕጢው የሚገባው የደም ፍሰት ይሰላል።

እነዚህ አኃዞች ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያዩ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ወሰን የለም። ብቻቸውንም ውሳኔ አይሰጡም፤ ከናሙናው ውጤትና ከሐኪሙ የአካል ምርመራ ጋር ተገናዝበው ይነበባሉ። መጠናቸው ያልጨመረ ሊምፍ ኖዶችም ጥቂት የካንሰር ሕዋሳትን ሊደብቁ ስለሚችሉ ሌላ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ለታካሚዋ

በሳዑዲ ዓረቢያ ሆስፒታሎች ኤም አር አይ «ረኒን መግናጢሲ»፣ የማህፀን በር «ዑንቅ አር-ረሒም»፣ ናሙና ደግሞ «ኸዝዓ» ይባላል። ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለውም። ታካሚዋ በሰውነቷ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባት አስቀድማ መናገር አለባት። በምርመራው ጊዜ መንቀሳቀስ ምስሉን ስለሚያደበዝዝ፣ የሚሰጣትን ትእዛዝ በዓረብኛ የማትረዳ ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ ይገባታል።

ሕክምናዋን በሀገር ቤት ለመቀጠል የምታስብ ታካሚ ከጽሑፍ ሪፖርቱ ጋር ምስሎቹን በሲዲ ይዛ ብትሄድ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ልኬቱን ራሱ ሊያረጋግጥና ከአዲሱ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል።

ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ጊዜ ውጭ የሚታይ ደም፣ እንዲሁም ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው። በመንግሥቱ ውስጥ የጤና ምክር የሚሹ ነዋሪዎች በጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937 መደወል ይችላሉ። ዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የደረሰች ሴት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ከመጣችው ይልቅ ብዙ የሕክምና አማራጭ ይጠብቃታል።