የገጠሩ ትምህርት ቤትና የ1966ቱ አድማ

የ1966ቱ አብዮት ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን የታክሲ ነጂዎች አድማና የቤንዚን ዋጋ ነው። በዚያው የካቲት ግን መምህራንም አድማ መትተው ነበር። አንዱ ምክንያታቸው የገጠር ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

«ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ገንዘቡ ወደ ገጠር ዞሮ ሕፃናት ሁሉ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ያግኙ፤ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ግን ጥቂቱ ይሁን። ከሕዝቡ አብዛኛው ፊደል ባልቆጠረበት አገር፣ ወረቀቱ ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። መምህራኑ ተቃወሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም አብረው ጮኹ። ዕቅዱ ቆመ። (መምህራኑ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም።)

እኔ በገንዘቡ ክፍፍል ጥናቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። የሳተው ገበሬው ልጁን ለምን እንደሚያስተምር ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን ርዳታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብም ከወጪው ድርሻውን ያዋጣ ነበር። ያ ሰው ያዋጣው ልጁ ከ4ኛ ክፍል ወደ ሞፈር እንዲመለስለት ነው ብዬ አላምንም።

በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ከተሞች እዩ። ከፍ ያለው ክፍል እዚያ ስለሚገኝ ልጁ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይገባል፤ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቅ ሲያልቅ ወደ ቀዬ ይመለሳሉ። ባለቤቶቹ የሚያድሩት በዚህ ኪራይ ነው። ሴት ልጅን ግን ብቻዋን ኪራይ ቤት ማሳደር ቤተሰብ ይፈራል፤ ስንቶቹ እዚያው ቀሩ! ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር በኩራት እናወራለን። ያን ርቀት የፈጠረው ግን ትምህርት ቤቱን ከልጁ ያራቀ አሠራር ነው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ሰሞን ያወራነው ስለ ኩረጃ ነበር። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ስም ጎን ከአስፋልት ያላቸው ርቀት፣ የመምህራን ብዛትና ቤተ ሙከራ መኖር አለመኖሩ ቢጻፍልን፣ ከ1966 ወዲህ ምን እንደተለወጠ በቁጥር መነጋገር እንችል ነበር።