የዘገየችው ጨረቃ

ብርሃን በመንገድ ላይ ጊዜ ይፈጅበታል ወይስ ወዲያው ከች ይላል? ጋሊሊዮ በፋኖስ ሊለካው አስቦ ነበር፤ ግን ብርሃን ለፋኖስ ሙከራ እጅግ ፈጣን ነው።

መልሱ የመጣው ከጁፒተር ነው። አዮ የተባለችው ጨረቃ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ትዞረዋለች፤ በየዙሩም ጥላው ውስጥ ገብታ ትሰወራለች። ልክ እንደ ሰዓት ማለት ነው። ፓሪስ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር ግን አንድ ነገር ልብ አለ፦ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ይህ ሰዓት ይዘገያል፣ ስትቀርብ ይፈጥናል። (እኔ ብሆን መጀመሪያ የራሴን ሰዓት ነበር የምጠረጥረው!) አዮ ምን ነካት? ምንም። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ የሚሄደው መንገድ ነው የረዘመው።

እ.ኤ.አ. በ1676 ሮመር ደፈር ብሎ፣ በኖቬምበር አዮ ከጥላው የምትወጣው 10 ደቂቃ ዘግይታ ነው ሲል አስቀድሞ ተናገረ። እውነትም ዘገየች። ዝነኛው ካሲኒ ግን ማብራሪያውን አልተቀበለም።

ሮመር፣ ብርሃን የምድርን ምህዋር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል አለ፤ ትክክለኛው ወደ 17 ደቂቃ ነው። ጄምስ ብራድሌይ በከዋክብት ምልከታ የብርሃንን ፍጥነት ዳግም ያረጋገጠው በ1729 ነበር። ሮመር ከሞተ 19 ዓመት ሆኖት ነበር።