የንጉሡ መካሪ መሐንዲስ

ከከተማችን ከደብረ ብርሃን ብዙ ወደማይርቀው ወደ አንኮበር በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባሉ የስዊስ መሐንዲስ መጡ። ንጉሥ ምኒልክም ለፈተና ያህል በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ አዘዟቸው ይባላል። አንዳንዱ በዚህ ይስቃል፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ጫማን እግር ይመረምረዋል፤ የምድር ባቡርን ግን ከመሐንዲሱ በቀር ማን ይመረምረው ነበር?

በ1886 ዓ.ም. ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ የተሰጠው ለእኒያው ለሙሴ ኢልግ ነው። እንግዲህ መካሪውና ባለጥቅሙ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት በ1894 ዓ.ም. ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ቢዋዋል፥ ምኒልክ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስም በምረቃው ላይ አልተገኙም።

በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ግን ለመንግሥት ምክር የሚያቀርበው፥ ከልዩ ልዩ ሙያ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ተከራክረውበት ነው።