የሰርግ ጥሪ፦ ከጠሪው እግር እስከ እጅ ሥራ ካርድ

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት የሚያሾፈው ቀኑ ከደረሰ በኋላ በሚንደፋደፍ ደጋሽ ላይ ነው። ሰርግ አስቀድሞ የሚታሰብበት ጉዳይ ነው፤ ከዝግጅቱም ሁሉ ጥሪው ይቀድማል። ምን ያህል ጠላ እንደሚጠመቅና ዳሱ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወሰነው በተጠሪው ብዛት ነውና።

ዛሬ ብዙ ሙሽሮችና ወላጆች የሚቸገሩት ገና በዚህ በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ማተሚያ ቤት የሚያሠሩት ባለ ወርቅ ቀለም ካርድ ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸዋል። ቤት ውስጥ በእጅ የተሠራ ካርድ ቢልኩ ደግሞ «ንቀውን ነው» ወይም «ቸግሯቸው ነው» መባልን ይፈራሉ። አንዳንዱም ይህን ፍርሃት ለማምለጥ ሲል ይበደራል። ፍርሃቱ መሠረት ይኑረው አይኑረው ለመመርመር የጥሪውን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በእግር የሚሄደው ጥሪ

በኢትዮጵያ ገጠር ለረጅም ዘመን የሰርግ ጥሪ ወረቀት አልነበረውም፤ ጥሪው ራሱ ሰው ነበር። በክርስቲያኑ ዘንድ ሰርግ በአብዛኛው የሚደገሰው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀኑ ሲቃረብ የደጋሹ ልጅ፣ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠራል። ቀኑም የሚነገረው ብዙ ጊዜ በበዓል እየተለካ፣ «የሚካኤል ማግስት» እየተባለ ነው።

ወሬው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በሰንበቴም ይዳረሳል። ሆኖም ሽማግሌንና የቅርብ ዘመድን መንገድ ላይ አግኝቶ መጥራት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ደጁ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የጥሪው ክብደት የሚመዘነው በቃሉ ማማር ሳይሆን በተሄደው መንገድ ነበር። ስለዚህም የተረሳ ዘመድ ቅያሜ ከሰርጉ ቀን አልፎ ለዓመታት ይዘልቃል፤ የሚቀየመውም ድግሱ ስለቀረበት ሳይሆን ደጁ ስላልተረገጠ ነው።

ብዕር ከማተሚያ በፊት

ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጠሪው በእግሩ የማይደርስበት ሩቅ አገር ያለ ሰው ሲኖር ነበር። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ ሰው ተፈልጎ ደብዳቤ ይጻፋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ደብዳቤዎች «ይድረስ ከ…» ብለው ይጀምሩና የተቀባዩን ጤንነት ጠይቀው ወደ ጉዳዩ ይገቡ ነበር። እጅ ጽሑፍ የድህነት ምልክት አልነበረም፤ የሊቅነትና የክብር ምልክት እንጂ። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ ሐተታውን በጥቁር፣ ርእሱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የገጹንም ራስ በሐረግ ያስጌጣል።

ሌላው ቀርቶ «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ እንደነበር ይነገራል። ቤተ መንግሥት የሚነበብ ጋዜጣ በእጅ ከተጻፈ፣ በእጅ የተጻፈ የሰርግ ጥሪ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይኖርም።

ማተሚያው ሲመጣ

በ19ኛው መቶ ዘመን ሚስዮናውያን በምጽዋና በአካባቢዋ ማተሚያ ተክለው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማተሚያ አዲስ አበባ ገባ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ከተሞች ሲያድጉና ዘመድ ሲራራቅ የታተመ የጥሪ ካርድም በከተሜው ዘንድ እየተለመደ መጣ።

የአማርኛ ኅትመት ግን ሸክም ነበረበት። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ከሳጥኑ እየለቀመ መደርደር ነበረበት። ለ50 ካርድም ለ500 ካርድም የለቀማው ድካም አንድ ነው። በዚህ የተነሣ ጥቂት እንግዳ የሚጠራው ድሀ ደጋሽ ለአንዱ ካርድ የሚደርስበት ዋጋ ከባለጸጋው ይበልጥ ነበር። ዘመናዊ ማተሚያ ቤትም ለጥቂት ካርድ ነጠላ ዋጋውን የሚያስወድደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማሽኑን ማዘጋጀቱ አንድ ድካም ነውና።

የካርዱ ቃልም የራሱ ሥርዓት አበጀ። ጠሪዎቹ ወላጆች ናቸው፤ «ልጃችን» ብለው ይጀምራሉ፣ የጋብቻውን ቀንና የምሳውን ሰዓት ይገልጻሉ፣ «ከነቤተሰብዎ» ብለው ይጋብዛሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በካርዱ ላይ ባዶ የሚተወው ስፍራ ነው። የተጠሪው ስም እዚያ የሚሞላው ጽሕፈቱ ባማረ ሰው እጅ ነው። ማተሚያው እጅ ጽሑፍን ከካርዱ ላይ ፈጽሞ አላስወጣውም።

በኋላም የጽሕፈት መኪና መጣ፤ በዚህ ረገድ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ይነሣል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ውስጥ ተካተተ። ያን ጊዜ የፊደል ለቃሚው ድካም ቀረ፤ ካርድ ማዘጋጀትም ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ሳሎን ጠረጴዛ ገባ።

በጎረቤት አገር

በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ሌላም ልማድ ያያል። በታንዛኒያ ሰርግ በኮሚቴ ይመራል፤ ከጥሪው ካርድ በፊት የመዋጮ ካርድ ለወዳጅ ዘመድ ይታደላል። የጥሪው ካርድ ላይም «ሲንግል» ወይም «ደብል» የሚል ቃል ይሰፍራል፤ ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት ማለት ነው። «ከነቤተሰብዎ» የሚለውን ቃል ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ሊጠነክርበት ይችላል። ነገር ግን ወጪውን ብዙዎች ተሸክመውታልና ቁጥሩ መታወቁ ተገቢ ነው።

አንድ የሚያቀራርብ ነገርም አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ አማርኛ ተናጋሪ ሰዓትን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ ለሁለቱም እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ የሚያነበው እንግዳ ግን «6 ሰዓት» ሲባል አመሻሹ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በናይሮቢ ወይም በዳሬ ሰላም የሚዘጋጅ ካርድ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ማስፈር ይኖርበታል።

በቤት የሚሠራው ካርድ

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ካርዱን ራሱ ለሚሠራ ቤተሰብ መንገዱ ክፍት ነው። በመጀመሪያ የሚቆጠረው ቤት እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ሲከፈል አራት ካርድ ይወጣዋል፤ 30 ወፈር ያሉ ወረቀቶች 120 ቤተሰብ ይጠራሉ። ለሚበላሽና ለሚረሳ ሰው ጥቂት ትርፍ መያዝ ብልህነት ነው።

ዋናው ካርድ አንድ ጊዜ ብቻ በጥንቃቄ ይሠራል። ጽሕፈቱ ያማረ የቤተሰብ አባል ቃሉን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ከላይ እንደ ብራናው ሐረግ ይሳላል፤ ከዚያ በፎቶ ኮፒ ይባዛል። የመጀመሪያው መስመር ብቻ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ በቀይ በእጅ ቢጻፍ ካርዱ ነፍስ ይዘራል። ከመባዛቱ በፊት ግን ሁለት ሰው ሊያነበው ይገባል፤ አንድ የስም ስሕተት በ120 ቤት ይገባልና።

ዛሬ ጥሪው በስልክ ምስል ሆኖ በአንድ ንክኪ ለመቶዎች ይደርሳል። ለሩቅ ወዳጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአያትና ለአጎት ግን ያው የጥንቱ ሕግ አልተሻረም፤ ደጃቸው መረገጥ አለበት። ቀለሙ ወርቅ የሆነ ካርድ በሰው እጅ ተልኮ ሊያስቀይም፣ በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ግን በልጃቸው እጅ ስትደርስ ልታስመርቅ ትችላለች። በበጀት የሚቆጠበው ወረቀቱ ነው፤ እግሩ ግን መቆጠብ የለበትም።