ሸክላው የት ገባ?

ባለፈው ክረምት የወላጆቼ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ጠብታው የሚወርደው ከቁም ሳጥኑ በላይ ነበርና እማዬ፣ «ያንን ካርቶን አውርደው፤ የአባትህ ሸክላዎች ናቸው፤ እንዳይርሱ» አለችኝ። አወረድኩት። አቧራው ተራግፎ ሲከፈት 19 ሸክላዎች ተገኙበት። አሥራ ስድስቱ በየገጻቸው አንዳንድ ዘፈን የያዙ ትንንሾች፣ ሦስቱ ትልልቆች ናቸው። ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን የለውም። አባቴ መርፌ የሚሸጥለት እንዳጣ፣ ሸክላዎቹንም ደግሞ ሳይሰማቸው ነው ያረፈው።

እኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም በካሴት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሸክላ የማውቀው ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጌጥ ሲሆን ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ወደ ደረቅ ጥግ አዛውሬ ልተወው ነበር። ዋሽንግተን ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ፎቶግራፋቸውን ብልክለት ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለ። «አንተ! ማንም እንዳይነካቸው! የጣሪያችሁ ገንዘብ እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው» አለኝ።

እነሆ፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ስልክ ነው። አባቴ ከደመወዙ ቀንሶ የገዛው፣ እኛ የረሳነው፣ ቶኪዮና ፓሪስ ያለ ሰው ግን እንቅልፍ አጥቶ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ከየት መጣ? የትስ ገባ? ነገሩን ከሥሩ ልከተለው ወደድኩ። (ካልጠቀስኩት በስተቀር ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአገራችን ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ሳሉ ዜማቸውን አስቀርጸዋል። የዚያን ጊዜው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር፣ ከወደቀ እንደ ጀበና የሚሰበር ነበር። ረጅሙ ባለ 33ቱ ሸክላ አሜሪካ ውስጥ በ1948፣ ትንሹ ባለ 45ቱ ደግሞ በ1949 ገበያ ላይ ዋሉ። ሁለቱም ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ መሠራት ሲጀምሩ ሸክላ ቀላል፣ ርካሽና ጠንካራ ሆነ። ስሙ ብቻ ሸክላ እንደተባለ ቀረ።

በ1948 እኛ ዘንድ አንድ ሌላ ነገር ሆነ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ግን በመብቱ ብዙ አልሠራበትም። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሕዝቡን እያስጨፈሩ፣ ድምፃቸውን ቤቱ ወስዶ ሊሰማ የፈለገ ሰው የሚገዛው ሸክላ እምብዛም አልነበረም። ከተማው በውጭ አገር ሸክላ ይጨፍራል፤ የራሱን በሬዲዮ ይጠብቃል።

ይህን ቁልፍ የሰበረው አንድ ወጣት ነው። አምሃ እሸቴ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ የውጭውን ሸክላ ሲሸጥ፣ የራሳችንን የሚጠይቁት ደንበኞች በዙበት። በ1969 አዋጁን እያወቀ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ድምፃዊው ከፖሊስ ኦርኬስትራ የመጣው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ፤ በኋላም ሊባኖስና ግሪክ ታትሟል። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። እርሱን አይቶ የተነሣው ዓሊ አብደላ ካይፋም በ1970ዎቹ ካይፋ ሪከርድስን ይዞ ገባ። የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያወጣው እርሱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ዛሬ ሰብሳቢዎችን የሚያቅበጠብጣቸው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። ሙላቱ ከጅማ ተነሥቶ ለምህንድስና ወደ ብሪታንያ ቢላክም ልቡ ለሙዚቃ አደረና ለንደን ውስጥ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያ ወደ ቦስተን፣ ወደ በርክሌ ትምህርት ቤት ተሻገረ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ሸክላ አሳተመ። በ1972 ሦስተኛውን አስከተለ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ከባድ ነው፤ ይኸውም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ጠባያቸውን ሳያጠፋ በጃዝ ስምምነት ላይ ማስቀመጥ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት ሠርቷል። «የካቲት ኢትዮ-ጃዝ» የተባለው ሸክላው በ1974 ከአምሃ ዘንድ ወጣ።

የካቲት! ያ ወር ምን እንዳመጣ አንባቢ ያውቀዋል። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበባት ቀዘቀዙ። አምሃ በ1975 አገር ለቅቆ አሜሪካ ገባ፤ ዋሽንግተን ውስጥም ምግብ ቤት ከፈተ። በዚያ ላይ ካሴት መጣ። ካሴት እዚሁ ይገለበጣል፤ ዋጋው ይረክሳል፤ ወደ ግሪክ መላክ አያስፈልገውም። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሸክላ ማሳተም ቆመ። ወርቃማ የሚባለው የሸክላ ዘመናችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢቆጠር አሥር ዓመት አይሞላም። ለዚህ ነው ጥቂት የሆነው፤ ለዚህም ነው የተወደደው።

ታዲያ ዓለም እንዴት አወቀው? በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባና ሰማው። በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 «እሬ መላ መላ» ቤልጅግ ውስጥ በድጋሚ ታተመ። በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ቅጽ ፓሪስ ላይ ተጀመረ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ሰው ጂም ጃርሙሽ በ2005 ለሠራው ፊልም የሙላቱን ዜማ ተጠቀመበት፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሙዚቃ አዋቂዎች ክበብ ወጥቶ የሁሉም ሆነ።

የድጋሚ ኅትመቱን የሰማ ሰው ደግሞ ኦሪጅናሉን መፈለግ ጀመረ። መፈለጊያው አብሮ ተወልዶ ነበር። ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ በ1995፣ የዓለምን ሸክላ ሁሉ በዝርዝር ለመመዝገብ የተነሣው ዲስኮግስ በ2000 ተመሥርተዋል። ቀድሞ የሸክላ ነጋዴ የሚያውቀው የሰፈሩን ዋጋ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሸክላ ባለፈው ዓመት ስንት እንደተሸጠ ኦሳካ ያለውም ቺካጎ ያለውም እኩል ያያል። የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ1977 ሲወጣ የገዛው ሰው ዛሬ ቢያወጣው በሺዎች ዶላር የሚቆጥርለት አያጣም።

የአክስቴ ልጅ የገበያውን ሕግ አስተማረኝ። ሰብሳቢ ሙዚቃውን ብቻ አይገዛም፤ «የመጀመሪያ ኅትመት» የሚባለውን ነው የሚገዛው። በጃዝ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመውን የብሉ ኖትን ሸክላ የሚገዛ ሰው፣ መሃሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የታተመውን የድርጅቱን አድራሻ ያነባል። ድርጅቱ ቢሮ በቀየረ ቁጥር አድራሻው ስለተቀየረ፣ የትኛው ቀድሞ እንደታተመ በዚያ ይታወቃል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ የተጫረችውን የአታሚውን ምልክትም በመብራት ይፈልጋታል። እዚያ ምልክቷ ከኖረች ዋጋው በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ቀጥሎ ደረጃ መስጠት ነው። ያልተነካው «ሚንት» ይባላል፤ ከዚያ «ኒር ሚንት»፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» እያለ ይወርዳል። «ጉድ» የተባለው ሸክላ ሲንጫጫ የሚውል ነው። በእንግሊዝኛ ደግ ማለት ቢሆንም የእኛው ትርጉም ይበልጥ ይገልጸዋል፤ በእርግጥም ጉድ ነው! መላኩም ጥበብ አለው። ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ ለብቻው በወረቀት ይጠቀለላል፤ አለዚያ በመንገድ ሲናወጥ ጠርዙ ሽፋኑን ይቀድደዋል። ከዚያ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ይታሸጋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የውጭ ክፍያ መቀበል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የእኛዎቹ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ ዋሽንግተን ሄደው ከዚያ ሊሸጡ ተስማማን።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ሳጫውታት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ሌሎቹንስ ቢሆን ኖሮ?» አለች።

«የትኞቹን ሌሎች?»

«ካርቶኑ እኮ ሦስት ነበር፤ ሁለቱን ለልዋጭ ሰጠሁት። አንድ ትልቅ ሳፋና ሁለት ጆግ ሰጥቶኛል። አንተ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባህም።»

ሳፋውን አስታውሰዋለሁ። ልብስ ታጥቦበታል፤ እኔም ታጥቤበታለሁ። እናቴን ልወቅስ አልችልም። ማጫወቻ በሌለበት ቤት ሸክላ ቦታ የሚይዝ ፕላስቲክ ነው። በየሰፈሩ ስንቱ ለልዋጭ ሄደ፣ ስንቱስ ምናለሽ ተራ ገብቶ ቀረ? «ፈረንጅ ቅርሳችንን ወሰደብን» እያልን በየመድረኩ የምንቆጭ ብዙዎች ነን። ቁጭቱ እውነት አለው። ነገር ግን ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ እኛ በሳፋ የለወጥነውን ሌላው በክብር ቢያስቀምጠው ስርቆት ልለው ይከብደኛል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ቅሬታ አለኝ። አንድ አሮጌ ሸክላ በሺህ ዶላር ሲሸጥ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ለያዘው ሰው ነው፤ ሳክስፎኑን ለነፋው፣ ዜማውን ለደረሰው አንዲት ሳንቲም አትደርስም። በድጋሚ የሚታተመው ይሻላል፤ ውል ካለ ባለሙያው ይከፈለዋል፣ ስሙም ይታደሳል። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ኖሯል። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን ካሴቱን በ2013 በድጋሚ ካሳተመ በኋላ ነው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሰው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ ከፈረንሳይ ወጣቶች ጋር የሠራው ሥራ በ2017 የኢትዮፒክስ ሠላሳኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። ይህ የሆነው ሁለቱም በሕይወት እያሉ ስለተገኙ ነው። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ግን በ2021 ተከታትለው አለፉ።

ወደ ካርቶናችን ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ፎቶግራፎቹን ኢንተርኔት ላይ ባወጣ በሳምንቱ አንድ ጃፓን የሚኖር ሰው አምስት ሸክላ መረጠ። ስለ አንዱ ግን ጥያቄ ነበረው። «መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ በሲሶ ካልቀነሳችሁ አልወስድም» ይላል። በሰብሳቢዎች ሕግ ጽሕፈት ጉዳት ነው። ሸክላውን አንሥቼ አየሁት። የአባቴ እጅ ነው። «ከእሷ ጋር፣ መጋቢት 7 ቀን 1966 ዓ.ም.» ይላል።

ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

«ያን ቀን ፒያሳ ወጥተን ነበር» አለች። «ኬክ ጋበዘኝ። ከዚያ ይህን ገዛና ኪሱ ባዶ ቀረ። ለአውቶቡስ የሚሆን እንኳ ስላልተረፈው እስከ ጉለሌ በእግራችን ሄድን። እኔ አኩርፌ ነበር፤ እሱ ሸክላውን አቅፎ ያፏጫል።»

ልሸጠው አልሸጠው ብዬ አልጠየቅኋትም። እርሷ ግን ሳትጠየቅ መለሰች፤ «ይሄ ይቅር። ያልተጻፈባቸውን ሽጣቸው፤ ጣሪያው እኮ ያፈሳል።»

አራቱን ሸጥን። ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ተመታ። የቀሩትን አሥራ አምስቱን ደህና ማጫወቻ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ወስጄ በኮምፒዩተር አስገለበጥኋቸው፤ የተሸጡትንም ከመሄዳቸው በፊት እንዲሁ አድርጌያለሁ። ጽሕፈት ያለበት ሲጫወት መርፌው አንድ ቦታ ላይ ተሰናክሎ አንዱን ሐረግ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሰውየው ሊያርመው ሲል፣ «ተወው፣ እንዲሁ ይቀዳ» አልኩት። አባቴ ደጋግሞ የሰማው እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ሸክላ የገዛባት ፒያሳ በ2024 አብዛኛዋ ፈርሳ መልኳን ለውጣለች። ሰዎቹም እያለፉ ነው። የቀረው በየቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ካርቶን ነው። የሸጠ ሰው አይወቀስም፤ የቸገረው ሰው ጣሪያ አለው። ነገር ግን ከመሸጡ በፊት ይቀዳ፤ ሁለት ያለው አንዱን ለቤተ መዛግብት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ይስጥ፤ የተጻፈበት ካለ ደግሞ ይነበብ፣ ምናልባት የአንድ ቤተሰብ መነሻ እዚያ ላይ ይገኝ ይሆናልና።

በእናንተስ ቤት፣ ያ ካርቶን የት አለ?