ሮሃ፣ ላሊበላ፣ ዮርዳኖስ፤ ስለ ስፍራዎቹ ስያሜ

ይህች ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ በላስታ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረች ስትሆን፣ በዛጔ ዘመነ መንግሥት፣ በ12ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜና በ13ኛው መባቻ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ከአለት አስፈልፍሎ ባነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት ምክንያት የንጉሡን ስም ወርሳ እስከ ዛሬ ትጠራበታለች። ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ዘይት፣ ቤተ ልሔም የሚሉት ስሞች ግን ምንጫቸው ምድረ ቅዱሳን ነው፤ ትውፊቱም ንጉሡ ለምእመናን ዳግማዊት ኢየሩሳሌምን ሊሠራላቸው አስቦ እንደሆነ ሲተርክ፣ ሊቃውንተ ታሪክ አንዳንዶቹ ሳላሕ አድ-ዲን በ1187 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን መያዙን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ስያሜው ሁሉ በአንድ ንጉሥ ቃል፣ በአንድ ጀንበር ወጣ ማለት ግን ችኮላ ይመስለናል።

ከስሞቹ ሁሉ በእጅ የሚዳሰሰው ዮርዳኖስ ነው፤ ወንዝ ይባል እንጂ በቀዩ አለት ውስጥ የተቦረቦረ፣ በበጋ የሚደርቅ ቦይ ሲሆን፣ በመካከሉ ከዚያው አለት ተጠርቦ የቀረ የድንጋይ መስቀል ቆሞበታል። አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት ወገን የሚከፍለው ይኸው ቦይ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻ ከሁለቱም ተለይቶ በስተምዕራብ ይገኛል።