ጣሳ የተደፋበት ደጅ፦ የደብረ ሲና መሸታ ቤቶችና ባለቤቶቻቸው



የደብረ ሲና ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ገደሉ፣ ስለ ጣርማ በር ዋሻና ስለ አርበኞቻችን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግኩት ግን ለታሪክ ያልተቆጠረውን መሸታ ቤት ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ቤት ገቢ አድገናል፣ ተምረናል፣ ባሕር ተሻግረናል። ሆኖም “እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ” ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ጥቂት ነው።

በድሮው ሥርዓት ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር። ጎረቤታችን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ማሩም ጠጁም ወደዚያ ይሄድ ነበር። ጠላ ግን የሁሉም ነው። ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለደቦና ለማኅበር በየቤቱ ይጠመቃል። ገበያና መንገድ ሲበረታ ጠላ ለሽያጭ ቀረበ፤ ሻጮቹም ሴቶች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ወንድ ያስፈልጋታል። ጠላ ለመጥመቅ ግን ጋን፣ ገብስ፣ ጌሾና የራሷ ጉልበት ይበቃታል።

ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ደረቆቱ ይቆላል፣ እንኩሮው ይነኮራል። ድፍድፉ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ጠላው ሲደርስ በአጥሩ በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል። ማንበብ የማይችል መንገደኛም ያንን አይቶ ይገባል።

ከተማችንን የለወጣት መንገዱ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠራ ጣርማ በር ላይ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ቆፈረ። ከነጻነት በኋላ ያንን ገደል የሚወጣና የሚወርድ ከባድ መኪና እኛ ዘንድ ያርፍ፣ ያድር ጀመር። ሾፌሮቹ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉ ቃላት ይዘው መጡ። ባንኮኒ ያለው፣ የጠርሙስ ቢራ የሚሸጥ ቤትም ተከፈተ፤ “ቡና ቤት” ተባለ። እንደምታውቁት ቡና ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ቡና ሊጠጣ አይገባም። ጠላ ቤቱ ለአገሬው ሰው፣ ቡና ቤቱ ለመንገደኛውና ለደመወዝተኛው ሆነ። የደብረ ሲና ቆሎ ግን በሁለቱም ቤት አይታጣም ነበር።

ልጅ ሆኜ በ1980 ዓ.ም. ግድም በአክስቴ ጠላ ቤት ቆሎ አቀርብ ነበር። ሦስት ደንበኞች አይቀሩም። አንዱ መደቡ ላይ፣ ከጋኑ አጠገብ የሚቀመጡ ሽማግሌ አርበኛ ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሦስተኛው ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፉ የሚኖሩ አባት ነበሩ። አርበኛውና ሾፌሩ በዚያ መንገድ ምክንያት በየማታው ይከራከራሉ። ለሾፌሩ መንገዱ እንጀራው ነው፤ ለአርበኛው ጠላት የገባበት በር ነው። ጸሐፊው ይዳኛሉ፤ ፍርዱ አንድ ጣሳ ጠላ ነው።

ሾፌሩ አሥመራ ሚስትና ልጅ ነበረው። ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤ ሲመጣለት ጸሐፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነቡለታል። በ1981 ዓ.ም. ትግራይ ከመንግሥት እጅ ሲወጣ የአሥመራ መንገድ ተቆረጠ፤ ደብዳቤውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው የድሮዎቹን ደብዳቤዎች መልሰው ያነቡለት ጀመር። ሾፌሩ “ይህንንማ ሰምቼዋለሁ” ሲል አንድ ቀን አልሰማሁም። አርበኛውም ንባቡ እስኪያልቅ ክርክር አያነሡም። ሾፌሩ ሲሞት በከተማው ዘመድ አልነበረውም። ድንኳን የተተከለው በአክስቴ ግቢ ነው፤ ለቅሶ የተቀመጡለትም እሷና ሁለቱ ደንበኞች ናቸው።

እንግዲህ መሸታ ቤት ማለት ይህም ነበር፤ ፖስታ ቤት፣ ሽምግልና፣ ዘመድ ለሌለው ዘመድ። የዋህ ሆኜ ላሳምረው አልፈልግም። በመጠጥ ጉበቱ የተጎዳ፣ የልጆቹን ቀለብ ጠጥቶ የጨረሰ፣ ሰክሮ ሚስቱን የደበደበም ከዚያው ቤት ወጥቷል።

ባለቤቶቹ በየዘመኑ የተገኘውን ሁሉ ችለዋል። የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ከኋላ ያለችውን ክፍል አከራይታ ትኖር የነበረች ሴት ኪራይዋን አጣች። በሰዓት እላፊው ዘመን ደግሞ ገበያው ገና ሳይደምቅ ደጅ ይዘጋ ነበር። አክስቴ ግን በዚያ ሁሉ መሐል እቁብ ትጥል ነበር። አንዱ ዕጣ የቤቱን ሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ለወጠ። ሌሎቹ የእኔና የወንድሞቼ ደብተርና የደንብ ልብስ ሆኑ።

ከሁሉ የከበደው ግን ኤድስ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጥናቶች ደማቸው ቀድሞ ከተመረመሩት መካከል በዋና መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች የሚሠሩ የመሸታ ቤት ሴቶችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። በሕዝቡ አፍ ግን ጥፋቱ ለሴቶቹ ብቻ ተሰጠ። ነርስ እንደመሆኔ ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ በመኪና መጥቶ በመኪና የሄደው ሰው ስም አልተነሣም፣ እዚያው የቀረችው ግን ስም ወጣላት። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ደጅ ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ለአያት ቀረ! ከነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ ይህን መጽሔት የሚያነቡ ናቸው።

በሙያዬ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ታሪኩን ነው። የሚያፍርበትን ክፍል ከደበቀ ሕክምናውም ይሳሳታል። የከተማ ታሪክም እንዲሁ ይመስለኛል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማገዝ ገንዘብ ስናዋጣ፣ የመጀመሪያውን መዋጮ በጣሳ የሰበሰቡልንን ሴቶች ዘለን የምንጽፈው ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ወደ አገር ቤት ስንደውል፣ ወይም ለዕረፍት ስንሄድ፣ በሕይወት ያሉትን እናቶች እንጠይቅ። ቤቱ የት ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት ተከፈተ? ሥራውን ከማን ተማሩት? የዘወትር ደንበኞቻቸው እነማን ነበሩ? በገቢው ማንን አስተማሩ? ፈቃዳቸውን ጠይቀን በስልካችን ድምፃቸውን እንቅዳ። ስማቸው እንዲጻፍ የፈቀዱትን በስማቸው፣ ያልፈቀዱትን ያለ ስም በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት እናውጣ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ለከርሞ ባናቆየው ጥሩ ነው።

የአክስቴን ታሪክ እኔ ጀምሬያለሁ። እሷም ፈቅዳለች፤ “የጌሾውን መጠን ግን እንዳትጽፊው” ብላኛለች።

ቸር ያሰንብተን።